ልጄ አፉን ያልፈታው ለምንድን ነው?



ፉሪ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ወር አልፎ ወር ሲተካ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። እናት ወይም አያት ልጅ ይዛ ትመጣና «እህቴ፣ አፍ የሚያስፈታ ሽሮፕ አላችሁ ወይ?» ትላለች። ልጁ ሁለት ዓመቱን አልፏል፤ አንዳንዴም ሦስት ሞልቶታል። ይሮጣል፣ ይበላል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይላፋል። ቃል ግን አላወጣም፤ ቢያወጣም ከእናቱ በቀር የሚረዳው የለም። መልሱ አጭር ነው፤ አፍ የሚያስፈታ ሽሮፕ በእኛ መደርደሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም አገር የለም። መልቲ ቫይታሚን ምግብ ላነሰው ልጅ ሊጠቅም ይችላል፤ ቃል ግን አይሰጥም።

ብዙ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን መንገድ ይይዛል። አንዱ «አባቱም ዘግይቶ ነው አፍ የፈታው» እያሉ መጠበቅ ነው። ሌላው ምላስ ወይም እንጥል ወደሚቆርጡ ሰዎች መውሰድ ነው። ሁለቱም ለልጁ የማይመለስ ጊዜ ያስበላሉ፤ ሁለተኛውማ ደምም ያፈሳል። አለመናገር እንደ ትኩሳት ሁሉ ምልክት ነው እንጂ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም። ትኩሳት ሲይዘን «ወባ ነው? ታይፎይድ ነው? የሳንባ ምች ነው?» ተብሎ እንደሚመረመረው፣ አለመናገርም የሚመረመር ነገር ነው።

ባለሙያዎች አስቀድመው ሦስት ነገሮችን ይለያሉ። ልጁ «ከበሮ» ለማለት «ተበሎ» ካለ፣ ቃሉን ያውቀዋል፤ ድምፁን በአፉ መሥራት ነው ያቃተው። ይህ የንግግር ችግር ይባላል። «ጫማህን አምጣ» ሲባል ካልገባው፣ ወይም ቃላትን ማገጣጠም ካልቻለ፣ ችግሩ የቋንቋ ነው። ቃሉም ድምፁም ትክክል ሆኖ ጉሮሮው ከሻከረ ወይም ከተዘጋ ደግሞ የድምፅ ችግር ነው። የሦስቱ ምክንያት የተለያየ ነው፤ ሕክምናውም እንደዚያው።

ከምላስ በፊት ጆሮ

ሕፃን በስድስትና በዘጠኝ ወሩ መካከል «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» ማለት ይጀምራል። ዓመት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ ይዞራል፣ የመጀመሪያዋን ቃል ይሞክራል። በሁለት ዓመቱ ሃምሳ ያህል ቃላት ይኖሩታል፤ «ውሃ ስጪ»፣ «አባ ሄደ» እያለም ሁለት ሁለቱን ያገጣጥማል። በሦስት ዓመቱ የቤት እንግዳ አብዛኛውን ንግግሩን ይረዳዋል። ጥቂት ወራት ወዲህና ወዲያ ማለት ያለ ነው። ነገር ግን በዓመት ተኩሉ አንድም ቃል ከሌለው ወይም በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ መጠበቅ ይብቃ። ያወቃቸውን ቃላት መልሶ ያጣ ልጅ ደግሞ ዕድሜው ስንትም ቢሆን በዚያው ሳምንት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የመጀመሪያው ምርመራ የጆሮ ነው። «ልጄማ ይሰማል፤ በሩ ሲዘጋ ይዞራል» የምትል እናት ትኖራለች። በር ሲላተም ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጥላ ያልፋል፤ መስማት የተሳነውም ልጅ ይዞራል። ከዚህ የሚከፋው ግማሽ የሚሰማ ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ወፍራሞቹን ድምፆች ይሰማና ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል፤ ቀጫጭኖቹን እነ «ስ»ን፣ «ሽ»ን፣ «ፍ»ን ግን አይሰማም። ያልሰማውን ድምፅ ደግሞ አይናገረውም። ቤተሰቡም ጆሮውን ትቶ ምላሱን ይጠረጥራል።

ዳንኤል ሊንግ የሚባሉ የመስማት ችግር ባለሙያ ለዚህ የሚረዱ ስድስት ድምፆችን መርጠዋል። «ኡ»፣ «አ»፣ «ኢ»፣ «ሽ»፣ «ስ»፣ «ም» ናቸው። በንግግር ውስጥ ካሉት ድምፆች ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን ክልል ስለሚሸፍኑ ነው የተመረጡት፤ ስድስቱም በእኛ ቋንቋ አሉ። ቴሌቪዥን ይጥፋ። ከልጁ ጀርባ አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ከንፈራችሁን ሳያይ፣ ሳትጮኹ አንድ አንዱን በሉ፤ ቅደም ተከተሉንም አቀያይሩት። ለአንዱ ዞሮ ለሌላው የማይዞር ከሆነ ልብ በሉ። ይህ የቤት ፍተሻ ነው፤ የመሣሪያ ምርመራን አይተካም። «ገና ሕፃን ነውና አይመረመርም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ጨቅላ እንኳ ተኝቶ ሳለ ጆሮው ላይ ትንሽ መሰኪያ ተደርጎ መስማቱ የሚለካበት መሣሪያ አለ።

ጆሮ የሚጎዳው በምንድን ነው? አንዳንዱ ከውልደት ነው። ማጅራት ገትር ሌላው ትልቁ ምክንያት ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ልጇ በስምንት ወሩ በማጅራት ገትር ተኝቶ ዳነላት፤ አልሐምዱሊላህ ተብሎ ወደ ቤት ተገባ። ከዚያ በኋላ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ዘመድ ሁሉ «ሕመሙ አዳክሞት ነው» አለ። ከሌላ ቦታ አራት ጠርሙስ ሽሮፕ ተገዛ። ጆሮው ሲለካ ልጁ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ሁሉ ከሆስፒታል እንደወጣ መስማቱ መለካት አለበት፤ በሽታው የውስጠኛውን ጆሮ ወደ አጥንት ሊለውጠው ስለሚችል የሳምንታት መዘግየት እንኳ ለውጥ ያመጣል።

መድኃኒትም ጆሮ ይጎዳል። ሙያዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን የአንድ ቤተሰብ መርፌዎች ናቸው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን፣ ድምፅን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉትን ፀጉር መሰል ሕዋሶች ሊገድሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ሕዋሶች ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም። ጉዳቱ ከቀጫጭኑ ድምፅ ስለሚጀምር መጀመሪያ ማንም አያስተውለውም። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ በደከመ ወይም ተቅማጥና ትውከት ውሃውን በጨረሰበት ልጅ ላይ አደጋው ይጨምራል። ላዚክስ ከሚባለው የሽንት መድኃኒት ጋር ሲሰጥም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 እና 2019 መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ከሚመክራቸው ውስጥ ካናማይሲንን ያወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው የጆሮ ጉዳት ነው።

ይህን ያነበበ ሁሉ ከመርፌ ይሽሽ ማለቴ ግን አይደለም። ደሙ የተመረዘ ጨቅላን ጄንታማይሲን ከሞት ያተርፈዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው ፕሮግራም መሠረት ሆስፒታል መድረስ ለማይችሉ ጨቅላዎች ከአሞክሳሲሊን ጋር ለሰባት ቀን የሚሰጡት ይህንኑ ነው። በልኩና በክብደቱ ሲሰጥ ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል። የሚያስፈራው ያለ ማዘዣ፣ ሳይመዘን፣ «ባለፈው ጊዜ ስለሻለው» እየተባለ ደጋግሞ የሚወጋው ነው።

ጆሮው የሚመግል ልጅ ደግሞ አለ። የሞቀ ቅቤ፣ ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ ይንጠባጠብበታል። ታምቡሩ ከተቀደደ የገባው ሁሉ ወደ መካከለኛው ጆሮ ያልፋል፤ ጄንታማይሲን ወይም ኒዮማይሲን ያለበት ጠብታም እንደዚያው። ትክክለኛው መንገድ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ ጆሮውን ማድረቅና ሐኪም ያዘዘውን እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ጠብታ እስከ መጨረሻው መጠቀም ነው። ለወራት የመገለ ጆሮ ቋንቋ በሚገባበት ዕድሜ ላይ የተዘጋ በር ማለት ነው።

ከገበታችንም የሚመጣ ምክንያት አለ። እርጉዝ እናት አዮዲን ካጣች የጽንሱ አንጎልና ጆሮ ይጎዳሉ፤ እንቅርት የሚታየው ምልክት ብቻ ነው። አገራችን ቀድሞ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለበት ጨው እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ሲቋረጥባት ብዙ ዓመት ያለ አዮዲን ጨው በላች። በ2011 ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ 15 ያህል ቤተሰብ ዘንድ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት 89 ደረሰ። ስለዚህ እህቶቼ፣ በጆንያ የሚሸጠውን ድፍን ጨው ትታችሁ የታሸገውን ግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። እርጥበትና ብዙ እሳት አዮዲኑን ያጠፉታል።

ላንቃና እንጥል

ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የሚወለድ ሕፃን አለ። እርግማን አይደለም፤ እናቲቱ ያየችው ግርዶሽም አላመጣውም። በእርግዝና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሁለቱ ጎኖች ሳይገጥሙ ቀርተው ነው። ጡት መሳብ ስለሚያቅተው የታለበ የእናት ወተት ቀና አድርጎ በማንኪያ ወይም በኩባያ ይሰጠው። ከንፈሩ ከሦስት እስከ ስድስት ወር፣ ላንቃው ዓመት ገደማ ላይ ቢሰፋ ይመረጣል። የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ሕክምናው በበጎ አድራጊ ድርጅቶች ድጋፍ በነፃ ይሰጣል።

መናገርን የሚመለከተው በተለይ ላንቃው ነው። «ፕ»፣ «ብ»፣ «ት»፣ «ክ»፣ «ስ» ስንል አየር አፋችን ውስጥ ይታመቃል፤ የኋላው ለስላሳ ላንቃ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋዋል። ካልዘጋው አየሩ በአፍንጫ ይሾልካል። ልጁ «ፓፓፓ» ሲል ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ያዙ፤ መስታወቱ ካላበው አየር እየሾለከ ነው።

ላንቃው ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ጡንቻው የተሰነጠቀ ልጅም አለ። አንዱ ምልክቱ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ እንጥል ነው። እንግዲህ እንጥሉን ያስቆረጠ ቤተሰብ ሐኪሙ ሊያየው የሚችለውን ምልክት ቆርጦ ጣለ ማለት ነው። መቁረጡ ለመድማት፣ ለቴታነስና በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጣል፤ ቢላው ለስላሳውን ላንቃ ከነካ ደግሞ ደህና የነበረው ልጅ በአፍንጫው ተናጋሪ ሆኖ ይቀራል። የምላስ ሥር ማሰሪያም ቢሆን ጡት ለመሳብ ወይም ጥቂት ድምፆችን ለማውጣት ያስቸግር ይሆናል እንጂ ልጅን ዝም አያሰኝም።

በማን ቋንቋ ይመዘን?

ብዙዎቻችን የማናስበው ጉዳይ ይህ ነው። የንግግር መመዘኛዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ነው። እንግሊዝኛ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» የሉትም። በእነርሱ መመዘኛ የተፈተነ ልጅ «ጠራ»ን ከ«ተራ» መለየቱን ማንም አይጠይቀውም። መጥበቅና መላላትም አለ። «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ትርጉም እንዳለው እናውቃለን፤ ይህን የሚፈትን የእንግሊዝኛ ወረቀት የለም። ስለዚህ መመዘኛን ተርጉሞ ማምጣት አይበቃም፤ ከቋንቋው መነሣት አለበት።

በዚህ ረገድ የአገራችን ሰዎች ሥራ ጀምረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልሳን ምሁር ዶ/ር አበባየሁ መሰለ በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት ላንቃቸው ከተሰፋ በኋላ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ድምፆችን እንዴት እንደሚያወጡ ነው። በጅማ ደግሞ ተመራማሪዎች ዴንቨር የሚባለውን የአሜሪካ የልጆች ዕድገት መመዘኛ ከ1,500 በላይ በሆኑ ልጆች ላይ ፈትነው፣ ለአካባቢው ልጅ እንግዳ የሆኑትን ጥያቄዎች ቀይረው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመውታል። ቋንቋ ከመመዘኛው አራት ክፍሎች አንዱ ነው። በ2010ዎቹም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና ቋንቋ ሕክምናን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ሙያው የሚማርበት ቦታ በአገር ውስጥ አልነበረም።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ፉሪ ውስጥ አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ስልጥኛ ወይም ጉራግኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ይሰማል፤ ከዐስር በኋላ ደግሞ ዐረብኛ ይቀራል። «ቋንቋ በዝቶበት ነው ያልተናገረው» ይባላል። አይደለም። ብዙ ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፤ ቃላቱ በየቋንቋው ተከፋፍለው ነው የሚገኙት። ቃላቱን ስትቆጥሩ የሁሉንም ቋንቋ ደምሩ። ለሐኪሙም በቤት የሚነገረውን ቋንቋ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፤ አለዚያ ስልጥኛ አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ በአማርኛ ተጠይቆ «ዘገምተኛ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

የሚሰማ፣ ላንቃውም ደህና የሆነ፣ ግን ሰው ዓይን የማያይ፣ በጣቱ የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ለኦቲዝም መታየት አለበት። በዚህ ጉዳይ ወ/ሮ ዘሚ የኑስን ሳላነሣ አላልፍም። የልጃቸውን ሁኔታ አይተው እ.ኤ.አ. በ2002 የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይን፣ አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ፊደላችን አንዱ ቅርጽ አንድ ድምፅ መሆኑን ተጠቅመው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። በ2021 በሞት ተለዩን። በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች 102 የእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊዎች ሲጠየቁ፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጎደለን ያሉት የልጃቸውን ትምህርት ነው። ልጁን ከእንግዳ የሚደብቅ ቤት ዛሬም አለ። ሩቅያ ማስቀራት የሚፈልግ ያስቀራ፤ ዱዓእ ማድረግና ሐኪም ማሳየት አይጣሉም።

መድረሳ ላይ የሚንተባተበው

ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ይንተባተባሉ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ይተዉታል። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ተብታባ ካለ፣ ባለሙያ ይየው። መነሻው በአንጎል የንግግር ቅንብርና በዘር ነው እንጂ ድንጋጤ አይደለም።

ለኡስታዞቻችን አንድ ነገር ልንገራቸው። ሲያወራ የሚንተባተብ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ድምፅ ሲቀራ ወይም በዜማ ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ አይንተባተብም። ይህ በጥናት የታወቀ ነው። ስለዚህ «ቁርኣን ሲሆን ትችላለህ፣ ስትጠየቅ ግን ታስመስላለህ» ተብሎ አይገሠጽ። ሲከብደው ቃሉን አትጨርሱለት፣ «ረጋ በል» አትበሉት፤ ጠብቁት። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ጌታቸውን እንደለመኑና ወንድማቸው ሃሩን (ዐ.ሰ) ረዳት እንዲሆኗቸው እንደጠየቁ ልጁ ከኡስታዙ አፍ ቢሰማው ጥሩ ነው። በመኻሪጅ ትምህርት የሠለጠነ ኡስታዝ የትኛው ፊደል ከየት እንደሚወጣ ስለሚያውቅ፣ ልጁ የትኞቹን ድምፆች እንደሚስት ጽፎ ለወላጅ ቢሰጥ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ሙአዚኖች፣ ኡስታዞችና ገበያ የሚውሉ እናቶች ድምፃቸው ይደክማል። ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረ ድምፅ ግን የጉሮሮ ሐኪም በመስታወት ወይም በካሜራ ሊያየው ይገባል፤ ሲጋራ ለሚያጨስማ ይበልጡን። ቤት ውስጥ በአንድ ትንፋሽ «ስስስ» በሉ፣ ዐርፋችሁ «ዝዝዝ» በሉ፤ ሰዓት ያዙ። ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። «ዝ» በብዙ ካነሰ የድምፅ አውታሮቹ በደንብ አይገጥሙም ማለት ሊሆን ይችላል። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ነገር ግን የምንውጠው በምግብ ቧንቧ ስለሚሄድ አውታሮቹን አይነካቸውም። የአስም ፓፍ የምትወስዱ ከእያንዳንዱ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ ትፉ፤ ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ድምፅ ያሻክራል።

ወደ ምርመራ ስትሄዱ

መጀመሪያ ጤና ጣቢያችሁ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል አላቸው። የክትባት ካርዱን፣ የወሊድ ወረቀቱን፣ ልጁ እስከ ዛሬ የወሰዳቸውን መርፌዎችና ሽሮፖች ዝርዝር ያዙ፤ ባዶ ብልቃጥና ካርቶን ካላችሁ አትጣሉት። ልጅ ሐኪም ፊት ዝም ማለቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ሲጫወትና ሲያወራ በስልካችሁ አምስት ደቂቃ ቅረጹት፤ በምትናገሩት ቋንቋ ሁሉ ቢሆን ይመረጣል። አብራችሁት የምትውሉት እናቱ ወይም አያቱ አብራችሁ ግቡ፤ ባለሙያው ከልጁ ይልቅ ብዙውን የሚጠይቀው እናንተን ነው።

በስትሮክ ምክንያት ንግግር ስለሚያጡ ታላላቆቻችን በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።